ፎርማት አይደረግ!

የአንባቢያን ጥያቄና የጠጋኙ መልስ

ክረምት ሲገባ ለዚህ አምድ የሚደርሰው ደብዳቤ ይበዛል። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ የሆነ ቦታ ያኮርፋል፤ ባለቤቱም ብዕር ያነሣል። በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ ሃርድ ዲስክ ስለሆኑ የፕሪንተሩንና የዋይፋዩን ለሚቀጥለው እትም አቆይቻለሁ። ጠያቂዎቹ ይታገሡኝ፤ ፕሪንተር ቢዘገይ የሚጠፋ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የምሠራበት ኮምፒውተር ያገለገለ ሆኖ የተገዛ፣ ፕሮሰሰሩ ኮር ቱ ዱዎ፣ ዊንዶውስ 7 የተጫነበት፣ 320 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ያለው ነው። በቅርቡ እየሠራሁ ሳለ መብራት ሄዶ ከተመለሰ ወዲህ ለመነሣት ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። የወርድ ፋይል ስከፍት ይደርቃል፤ ከሳጥኑም ውስጥ ጭር ጭር የሚል ድምፅ ይሰማል። አንዳንድ ጊዜ ዲስክ አላገኘሁም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በጥቁር ስክሪን ላይ ያወጣና አጥፍቼ ሳበራው ይነሣል። የሰፈራችን ባለሙያ "ፎርማት ይደረግ" ብሎኛል። በውስጡ የደንበኞች የክስ ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእድራችን የአባላት መዝገብ አለ። ሌላ ቦታ ያስቀመጥሁት ቅጂ የለኝም። ምን ላድርግ?
የጽሕፈት ቤት ባለቤት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እኅቴ፣ ይህን ሲያነቡ ኮምፒውተሩ በርቶ ከሆነ መጀመሪያ ያጥፉት። ቀሪውን ቀስ ብለን እንነጋገራለን። የታመመ ዲስክ የቀረው ዕድሜ የሚቆጠረው በበራበት ሰዓት ነው፤ ጠፍቶ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ አይብስበትም።

ስለ ፎርማቱ፣ ማለትም ዲስኩን ባዶ አድርጎ እንደ አዲስ ስለ ማዘጋጀቱ፣ አንድ ነገር ልበል። ኮምፒውተር ከመጠገኔ በፊት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና እጠግን ነበር። አንድ ፊደል አልመታ ሲል የትኛው ክንድ እንደተጣመመ እናያለን እንጂ ባለቤቱ የጻፈውን ወረቀት ሰብስበን ወደ እሳት አንጨምርም ነበር። ፎርማት በሥርዓት የሚደረግበት ጊዜ አለ፤ እርስዎ ዘንድ ግን ገና አልደረሰም። ደንበኛን "ውስጡ ያለው ነገር ሌላ ቦታ አለ ወይ?" ብሎ ሳይጠይቅ ፎርማት የሚል ሰው ዕቃውን እንጂ ሥራዎን አላየም። ሳጥኑም፣ ማዘርቦርዱም (ሁሉ የሚሰካበት ዋናው ቦርድ)፣ ዲስኩም ገበያ ላይ ይገኛሉ። የእድሩ መዝገብ አይገኝም።

አሁን ወደ ድምፁ። ለጥገና ባለሙያ ጆሮ ከማናቸውም መሣሪያ ይቀድማል። ጤነኛ ዲስክ ሲሠራ ለስለስ ያለ፣ ወጣ ገባ የሚል የማንኳኳት ድምፅ አለው፤ ፋይል ሲፈለግ ይጨምራል፣ ሥራ ሲያልቅ ይቆማል። እርስዎ የጻፉልኝ "ጭር ጭር" ብዙ ጊዜ ዲስኩ አንድን ቦታ ደጋግሞ ለማንበብ ሲታገል የሚወጣ ድምፅ ነው። የሚያስፈራው ሌላው ነው፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ በእኩል ልዩነት፣ ከዚያም ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲቆም፣ እንደገና ሲነሣና ያንኑ ሲደግም። ይህ የማንበቢያው ራስ መነሻውን ማግኘት አቅቶት ወዲያና ወዲህ ሲላጋ የሚሰማ ነው። እንደዚያ ከሆነ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ለእርስዎ አይደለም። ዲስኩን አውጥተው በጨርቅ ጠቅልለው መረጃ ማውጣትን ሙያው ላደረገ ሰው ብቻ ይስጡ።

መብራቱ ምን አደረገው? በዲስኩ ውስጥ አብረቅራቂ ሳህኖች ይሽከረከራሉ፤ በተለመደው የዴስክቶፕ ዲስክ ፍጥነቱ በደቂቃ 7,200 ዙር ነው። የማንበቢያው ራስ ከሳህኑ በላይ በጥቂት ናኖሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። መብራት በድንገት ሲሄድ ዲስኩ ገና እየዞረ ካለው ሞተር ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ራሶቹን ወደ ማረፊያቸው ይመልሳል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ መብራት በመሄዱ ሳህኑ ይቧጨራል ማለት አይቻልም። የሚጎዳው በዚያች ቅጽበት እየተጻፈ የነበረው ቁራጭ ነው። የእርስዎ ዘመን ዲስክ መረጃውን በ512 ባይት እየከፋፈለ ይጽፋል፤ ከእያንዳንዱም ጎን የማረጋገጫ ቁጥር ያኖራል። ጽሕፈቱ ግማሽ ላይ ሲቋረጥ ቁጥሩና ይዘቱ አይገጥሙም። ዲስኩ ያንን ቁራጭ ለማንበብ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ዊንዶውስም እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል፤ እርስዎ "ደረቀ" የሚሉት ይኼንን ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ መብራቱ ሲመለስ ቮልቴጁ ከፍ ብሎ የመጣ እንደሆነ ነው። ያ የሚመታው ከሳህኑ ይልቅ ለሳጥኑ ሁሉ ኃይል የሚያድለውን ፓወር ሰፕላዩንና ከዲስኩ ሥር ያለውን አረንጓዴ ቦርድ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ዲስክ የለም ማለቱ ግን ሌላ ጥርጣሬ ይጨምርብኛል። ኮምፒውተሩን ከግድግዳው ሶኬት ነቅለው የጎኑን ክዳን ይክፈቱ። ከዲስኩ ጀርባ ሁለት ጠፍጣፋ መሰኪያዎች አሉ፤ ጠባቡ የመረጃ፣ ሰፊው የኃይል ነው። የመረጃው ሳታ ኬብል ርካሽ ነገር ነው፤ አዲስ ገዝተው ይቀይሩት። የድሮዎቹ ኬብሎች ብዙዎቹ ቆላፊ ብረት ስለሌላቸው ሳጥኑ በተነቃነቀ ቁጥር ይላላሉ። የኃይሉን መሰኪያ ከፓወር ሰፕላዩ በሚመጣ በሌላ ይለውጡት። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ያለው ሰው ቢያገኙ ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ ባለአራት ቀዳዳውን መሰኪያ ይለካልዎ፤ በቢጫውና በጥቁሩ ሽቦ መካከል ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት፣ በቀዩና በጥቁሩ መካከል ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መሆን አለበት። ሞተሩን የሚያዞረው ባለ12ቱ ነው። እሱ ሲደክም ደህናው ዲስክ የታመመ ይመስላል፤ በዚህ ምክንያት ስንት ጤነኛ ዲስክ በከንቱ ተጥሏል! እግረ መንገድዎን በማዘርቦርዱ ላይ እንደ ትናንሽ በርሜል የቆሙትን ካፓሲተሮች አናታቸውን ይመልከቱ። ጠፍጣፋ መሆን ሲገባቸው ካበጡ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ካወጡ ጥፋቱ ከዲስኩ አልፏል።

ከዚህ በኋላ ዲስኩ ራሱ ስለ ራሱ የሚለውን እንስማ። እያንዳንዱ ሃርድ ዲስክ ስማርት የተባለ የጤና መዝገብ ይይዛል፤ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን መዝገብ ያሳያል። ከላይ የሚወጣውን ሰማያዊ ወይም ቢጫ ሣጥን ብቻ አይተው አይዝጉት። ወደ ታች ወርደው 05፣ ሲ5 እና ሲ7 የሚሉትን መስመሮች ያንብቡ። 05 ዲስኩ "ይህ ቦታ ተበላሽቷል" ብሎ በመጠባበቂያ የተካው ብዛት ነው። ሲ5 ማንበብ አቅቶት ገና ውሳኔ ያልሰጠበት ነው። ሲ7 ደግሞ መረጃው በመንገድ ላይ የተበላሸበት ብዛት ሲሆን ዋናው ተጠርጣሪ ኬብሉ ነው። ሲ7 አንዴ ከቆጠረ ወደ ዜሮ አይመለስም፤ ስለዚህ መጠኑን ሳይሆን ኬብሉ ከተቀየረ በኋላ መጨመሩን ወይም መቆሙን ይመልከቱ። ብዙ ሰው የሚያደናግር አንድ ነገር አለ፤ ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን በተለመደው አቆጣጠር ሳይሆን በአሥራ ስድስት መሠረት ነው የሚጽፈው። 10 ካለ 16 ማለት ነው። በማስተካከያው ውስጥ ወደ አሥር መሠረት መለወጥ ይቻላል።

ሲ5 ዜሮ ሆኖ ሲ7 ብቻ ቁጥር ካለው፣ እኅቴ፣ ኬብል ገዝተው ተገላገሉ፤ ቅጂ ማስቀመጥዎ ግን አይቅር። ሲ5 ከዜሮ በላይ ከሆነ ወደ መቅዳት።

ሲቀዱ ከዚያው ዲስክ ዊንዶውስን አያስነሡ። ዊንዶውስ በተነሣ ቁጥር የራሱን ፋይሎች በዲስኩ ላይ ይጽፋል፣ ያነባል፣ ያተራምሳል። ዲስኩን አውጥተው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሁለተኛ ዲስክ አድርገው ይሰኩት፣ ወይም በዩኤስቢ ማገናኛ ያገናኙት። ማገናኛ ሲገዙ የራሱ የኃይል መሰኪያ ያለውን ይምረጡ። የላፕቶፕ ዲስክ ከዩኤስቢ በሚያገኘው 5 ቮልት ይሠራል፤ የእርስዎ ትልቁ ዲስክ ግን 12 ቮልት ካላገኘ ጭራሽ አይዞርም። ይህን ሳያውቁ "ዲስኬ ሞተ" ብለው የሚያለቅሱ ሰዎች ወደ ሱቄ ይመጣሉ።

ሲሰኩት ዊንዶውስ "ይህን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ አለብዎ" ሊል ይችላል። እሱም እንደ ሰፈርዎ ባለሙያ ነው፤ ሰርዝ የሚለውን ተጭነው ይለፉት። ፋይሎቹ ከታዩ መጀመሪያ የእድሩን መዝገብ፣ ቀጥሎ ዴስክቶፕ ላይና የሰነዶች ፎልደር ውስጥ ያሉትን ይቅዱ፤ ዘፈንና ፊልሙ የመጨረሻ ይሁን። መላውን ዲስክ በአንድ ጊዜ መርጠው አይጎትቱ። አንዱ ፋይል ላይ ከቆመ እሱን ዘልለው ወደሚቀጥለው ይሂዱ። ጭራሽ አልቀዳ ካለ ሊኑክስ የሚባለውን፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ሥርዓት የሚያውቅ ልጅ ይፈልጉ፤ ዲዲሬስኪው የተባለው ፕሮግራም መጀመሪያ ደህና ደህናውን ቦታ ቀድቶ፣ የተበላሸውን በማስታወሻ ይዞ፣ በመጨረሻ ወደ እሱ ይመለሳል። ልጁን አንድ ነገር ብቻ አደራ ይበሉት፤ የሚቀዳበትንና የሚቀዳውን ዲስክ ስም ቢያዟዙር ባዶው ዲስክ በሙሉው ላይ ይጻፋል።

ቼክዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ ማስተካከያ ብዙ ሰው በቅድሚያ ያስኬደዋል። ቅጂው ሳይወጣ ይህን ማድረግ ቃሬዛ ላይ ያለ በሽተኛ ሩጥ ተብሎ ልቡ እንደሚመረመር ነው። ሙሉ ምርመራ ከታዘዘ ሳህኑን ከዳር እስከ ዳር ያነባል፤ ባለቤቱ ያልታወቀ ቁራጭ ሲያገኝም ስሙን ቀይሮ በአንድ ፎልደር ውስጥ ያከማቸዋል። ከዚያ በኋላ "የወይዘሮ እገሊት ውል" የነበረው ፋይል ስሙ ቁጥር ብቻ ይሆናል።

ፋይሎቹን አውጥተው በሌላ ኮምፒውተር ሲከፍቱ አንድ ድንጋጤ ይጠብቅዎታል፤ ከአሁኑ ልንገርዎ። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የድሮ ፎንቶች የተጻፈው ሁሉ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። ይህ የዲስክ ብልሽት አይደለም። እነዚያ የድሮ ፎንቶች ሀ፣ ሁ፣ ሂን በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀመጡ ስለሆኑ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ጽሑፉ ልብሱ ተገፎ ይቀራል። ከአሮጌው ዲስክ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ፎንትስ የሚለውን ከፍተው ፎንቶቹንም ይቅዱ፤ አዲሱ ላይ ሲጭኗቸው የኪራይ ውሉ እንደ ነበረ ይመለሳል። መዝገቡን ግን ቀስ በቀስ ወደ ዩኒኮድ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቦታ ወደሚሰጠው አሠራር፣ ቢያዛውሩት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ከወጣው ዊንዶውስ ቪስታና ከእርስዎ ዊንዶውስ 7 ጋር ኒያላ የተባለው የዩኒኮድ ፎንት አብሮ መጥቷልና ይህን ያህል አያስቸግርም።

ሁሉም ነገር በሁለት ቦታ ከተቀመጠ በኋላ ባለሙያዎ ፎርማት ቢያደርገው አልቆጣም። ፈጣኑን ሳይሆን ሙሉውን ይሁን፤ ሙሉው በዲስኩ ሁሉ ላይ ዜሮ ይጽፋል። ዲስኩ በአሮጌው ቁራጭ ላይ አዲስ ሲጻፍበት ውሳኔ ይሰጣል። ሲ5 ወደ ዜሮ ወርዶ 05 ካልጨመረ ጥፋቱ የመብራቱ ብቻ ነበር፤ ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ተራ ሥራ ያገለግልዎታል። 05 እያደገ ከሄደ ዲስኩ ከውስጥ ነው የታመመው፣ ጡረታ ይውጣ። በምትኩ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ፣ የሚሽከረከር ሳህን የሌለውን ዲስክ፣ ያስገቡ። መሰኪያው አንድ ዓይነት ነው፤ ያ አሮጌ ኮር ቱ ዱዎም ሲነሣ አዲስ የተገዛ ይመስልዎታል። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስም ያስፈልግዎታል፤ ባትሪው የደከመ ዩፒኤስ ግን ጌጥ ነው። ሲገዙ ኮምፒውተሩን ሰክተው፣ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ነቅለው፣ ምን ያህል እንደሚቆይ ሱቁ ውስጥ ይዩ። ሻጩ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ በመሥሪያ ቤታችን ያለው ዴስክቶፕ መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ቀኑ ከዓመታት በፊት ወደነበረው ይመለሳል፤ ዊንዶውስ ሊነሣ ሲል ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ እንደገና ይጀምራል። በስህተት ቁጥሩ መጨረሻ 7ቢ የሚል አለ። ሃርድ ዲስኩ ተቃጥሏል ተብሎ አዲስ ግዢ ተጠይቋል። እውነት ነው?
የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ከጅማ

መልስ፦ ግዢው ይቁም። የሚያስፈልግዎ ሲአር 2032 የምትባል፣ የሳንቲም ቅርጽ ያላት፣ ባለ3 ቮልት ባትሪ ናት፤ የሰዓትና የመኪና ቁልፍ ባትሪ የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ አለች። 2025 ቢሰጥዎ አይቀበሉ፤ ስትቀጥን ማቀፊያው ውስጥ ትላላለች።

ኮምፒውተሩ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ እስካለ ድረስ፣ ጠፍቶም ቢሆን፣ ትንሽ ኃይል ስለሚያገኝ ቀኑንና ማስተካከያውን አይረሳም። ባትሪዋ ካለቀች የሚረሳው መብራት ሲሄድ ነው፤ ለዚህ ነው ችግሩ ከመብራቱ ጋር የሚመላለሰው። ሲረሳ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ያለው የሳታ አሠራር ምርጫም ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። አይዲኢና ኤኤችሲአይ የተባሉ ሁለት አሠራሮች አሉ፤ ዊንዶውሱ የተጫነው በአይዲኢ ሆኖ ምርጫው ኤኤችሲአይ ላይ ሲወድቅ፣ ወይም በተቃራኒው፣ ዊንዶውስ የራሱን ዲስክ ማግኘት አቅቶት 7ቢ ይላል። ባትሪዋን ቀይረው፣ ሲነሣ ኤፍ2 ወይም ዴል የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ባዮስ ይግቡ፣ ምርጫውን ወደ ሌላው ይለውጡና ያስቀምጡ። አይነሣም ካለ መልሰው ይጻፉልኝ።

ቀኑንም ያስተካክሉ፤ ካልተስተካከለ ኮምፒውተሩ የድረ ገጾች የደኅንነት ማረጋገጫ ጊዜው እንዳልደረሰ ወይም እንዳለፈ ቆጥሮ አይከፍታቸውም። ኮምፒውተሩ 2010 ሲል "የእኛን አቆጣጠር ይዞ ነው" እያሉ በሥራ የከረሙ ሰዎች አጋጥመውኛል!

ጥያቄ፦ የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አባቴ ካረፉ በኋላ ከምድር ቤቱ የ2003 ኮምፒውተራቸውን አገኘሁ። በውስጡ ከአዲስ አበባ አምጥተው ስካን ያደረጓቸው የቤተሰብ ፎቶዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ዲስኩ 80 ጊጋባይት፣ ሰፊ ጠፍጣፋ ገመድ ያለው የድሮ ዓይነት ነው። ማገናኛ ገዝቼ ብሰካው ምንም ድምፅ የለውም። አንድ ወዳጄ በላስቲክ ጠቅልለሽ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሪው ይለኛል። ላድርገው?

መልስ፦ አባትዎን ነፍስ ይማር። ፍሪዘሩን ይተዉት። የቀዘቀዘ ዲስክ ከፍሪዘር ሲወጣ ላብ ያወጣል፤ በሳህኑ ላይ የሚቀር የውኃ ጠብታ ደግሞ የማንበቢያው ራስ ከሳህኑ በላይ ከሚንሳፈፍበት ከፍታ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አቧራም እንደዚያው ነው፤ ክዳኑን ከፍተው ለማየት አይሞክሩ።

ጸጥ ያለ ዲስክ ከሚያንኳኳ ዲስክ ይልቅ ተስፋ ይሰጠኛል። መጀመሪያ ቀላሉን እናጣራ። በዲስኩ ጀርባ፣ በአርባው ፒንና በኃይል መሰኪያው መካከል፣ ጥቂት እግሮችና በላያቸው ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ፕላስቲክ አለች፤ ጃምፐር ትባላለች። አባትዎ ሁለት ዲስክ ከነበራቸው "ስሌቭ" (ሁለተኛ ዲስክ) ላይ ልትሆን ትችላለች፤ በዲስኩ አናት ላይ ያለውን ሥዕል አይተው "ማስተር" (ዋና ዲስክ) ላይ ያድርጓት። ጃምፐር ግን ዲስኩ እንዳይታይ ታደርግ ይሆናል እንጂ ሞተሩን አታቆምም። ስለዚህ የማገናኛውን የኃይል መሰኪያ ይፈትሹ። በአሮጌው ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ላይ ሰክተው፣ መዳፍዎን በዲስኩ ጎን ላይ በቀስታ አሳርፈው ያብሩት። ንዝረት አለ? ወይስ ዝም?

ዲስኩን ሲሰኩ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አልበራ ብሎ ሲነቅሉት የሚበራ ከሆነ መልካም ዜና ነው። በዲስኩ ቦርድ ላይ፣ ከኃይል መሰኪያው አጠገብ፣ ትርፍ ቮልቴጅ ሲመጣ ራሳቸውን ሠውተው ሌላውን የሚያድኑ ሁለት ጥቁር ዳዮዶች ብዙ ጊዜ ይኖራሉ። አንዱ ሲቃጠል ኃይሉን ወደ መሬት ያጋባዋል፤ ፓወር ሰፕላዩም ራሱን ያጠፋል። ቴስተርና መበየጃ ያለው ባለሙያ የተቃጠለውን አንሥቶ ዲስኩን ያስነሣዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለ ጠባቂ ስለሚሠራ በዚያው ሰዓት ይቀዳል። "ተመሳሳይ ቦርድ ከኢንተርኔት ገዝቼ እቀይራለሁ" የሚል ቢመጣ ግን ይጠንቀቁ። በብዙዎቹ ዲስኮች ቦርዱ ላይ የዚያ ዲስክ ብቻ የሆነ ልኬት የያዘች ባለስምንት እግር ቺፕ አለች፤ እሷም ካልተዛወረች አዲሱ ቦርድ ሳህኑን አያውቀውም።

ደካማ ዝዝታ ብቻ ከተሰማዎ የማንበቢያው ራስ ሳህኑ ላይ ተጣብቋል ወይም ሞተሩ ተይዟል። ያን ጊዜ አይምቱት፣ አያወዛውዙት፤ ወደ ባለሙያ ይውሰዱት። እናንተ አገር መረጃው ካልወጣ ክፍያ የማይጠይቁ ድርጅቶች አሉ፤ ሲደውሉ ይህንኑ ይጠይቁና በጽሑፍ ይያዙ።

እስከዚያው ድረስ ምድር ቤቱን እንደገና ይፈትሹ። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር የነበረው ሰው ፎቶ በሲዲ ይገለብጥ ነበር። አባቶች ደግሞ ለአዲስ አበባ ዘመድ አንድ ቅጂ ይልካሉ፤ አክስትዎ ጋ ይደውሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለአሮጌ ኮምፒውተሬ ያገለገለ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ልገዛ ነው። ሻጩ "ንጹሕ ነው" ይላል። በምን አውቃለሁ?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ልጄ፣ "ንጹሕ" ማለት ባዶ ማለቱ ሊሆን ይችላል። ሱቁ ውስጥ አሰክተህ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን ክፈት። 05ና ሲ5 ዜሮ ካልሆኑ ተወው፤ ዋጋ ይቀንስልህ ብለህም አትከራከር። ቀጥሎ የበራበትን ሰዓት እይ። አንድ ዓመት ሳያቋርጥ የሠራ ዲስክ 8,760 ሰዓት ይቆጥራል። 40,000 ካየህ አራት ዓመት ተኩል ያለ ዕረፍት ዞሯል ማለት ነው፤ ምናልባት ከደኅንነት ካሜራ መቅጃ የወጣ ነው፣ እነሱ ሌትና ቀን አይጠፉም። በጣም አሮጌ የምርት ቀን ያለው ዲስክ ዜሮ ሰዓት ካሳየህ ደግሞ አትደሰት፤ መዝገቡን የሚሰርዙ ሰዎች አሉ። ተለጣፊው ላይ ያለውን የምርት ቀን ከሰዓቱ ጋር አስተያይ።

አንድ ትልቅ ፋይል ወደ ዲስኩ ገልብጠህ መልሰህ አውጣ፤ እየተገለበጠ ሳለ ጆሮህን አስጠጋ። ሲዞር ዲስኩን አታንሣው፣ አታገላብጠው። ገንዘብህ የሚበቃ ከሆነ ግን ካገለገለ 500 ይልቅ አዲስ 240 ኤስኤስዲ እመርጥልሃለሁ። ማዘርቦርድህ የድሮው ሳታ 2 ቢሆንም፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 300 ሜጋባይት ላይ ቢገደብም፣ ከማንኛውም ከሚሽከረከር ዲስክ ይቀድማል።

ጥያቄ፦ አሮጌ ኮምፒውተሬን ልሸጥ ነው። ፎርማት አድርጌዋለሁ፤ ይበቃል?
ከመቀሌ

መልስ፦ አይበቃም። ፈጣኑ ፎርማት ማውጫውን ብቻ ነው የሚያጠፋው፤ የባንክ ደብተርዎ ስካንና የልጆችዎ ፎቶ እዚያው ሳህኑ ላይ ናቸው፤ ነጻ ፕሮግራም ያለው ጎረምሳ ሁሉ ያወጣቸዋል። ፈጣን የሚለውን ምልክት አንሥተው እንደገና ያድርጉት፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ሙሉው ፎርማት በላዩ ላይ ዜሮ ይጽፍበታል። ለአንድ ትልቅ ዲስክ ሰዓታት ይፈጃል፤ ማታ አስጀምረውት ይተኙ። ገዢው ካልተቃወመ ደግሞ ዲስኩን አውጥተው ያስቀሩና ሳጥኑን ብቻ ይሽጡለት።